የመጀመሪያው ፀሐይ በነፃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ባለቤት ሮብ ኬክ አስቆርሶ፣ እንደ ሆላንዶች ወግ ጉንጬን ሦስቴ ስሞ፣ አንድ ካርድ አስጨበጠኝ። ስከፍተው “ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በነፃ” ይላል። ለእኔ! ይህን ጥቁር መልኬን ፊት ለፊት እያየ! ወጣቶቹ ሠራተኞች ሳቅ እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በኬክ ሞሉ። እኔ ቀድሜያቸው ሳቅሁ፤ የሚያስቅ ነገር ነበርና። በሜትሮ ወደ ቤቴ ወደ ቢልመር ስመለስ ግን ሳቄ ጠፋ። “በነፃ” የምትለዋን ቃል በዚያ ቤት ከእኔ የበለጠ የነገደባት ሰው አልነበረም፤ በእሷ ምክንያት የደረሰው ነገር ደግሞ ጡረታ ስወጣ አብሮኝ የሚወጣ አይደለም።

ሥራዬ ፀሐይ መሸጥ ነበር። ሆላንዶች ዞነባንክ የሚሉት አልጋ አለ፤ ከላይም ከታችም መብራት የተደረደረበት፣ ክዳን ያለው። ሰው ልብሱን አውልቆ ይተኛበታል፣ ክዳኑን በላዩ ላይ ያወርዳል፣ ሐምሌ በጣሊያን ባሕር ዳርቻ የከረመ መስሎ ይወጣል። ቢያንስ ማስታወቂያው እንደዚያ ይላል። እንግዲህ ከሐበሻ ተወልዶ ለነጭ ጥቁረት መሸጥ እንዴት ያለ እንጀራ እንደሆነ አስቡት። ደንበኞቼ “አንቺማ ታድለሽ፣ በነፃ አግኝተሽዋል” ይሉኝ ነበር፤ ሁሉም ይህን ቀልድ መጀመሪያ የፈጠረው እሱ ይመስለዋል።

ለአገሬ ሰው ሥራዬን በደፈናው “ጤና ነክ ነው” እል ነበር። አገር ቤት ላለችው ታላቅ እህቴማ “ክሊኒክ መሰል ነገር ነው” አልኳት፤ እሷም ለሰፈሩ ሁሉ “ነርስ ሆናለች” ብላ አወራችልኝ። አላረምኳትም። ሰው ራቁቱን በላብ የተኛበትን አልጋ ስጠርግ እንደምውል ከምነግራት ሞት ይሻለኝ ነበር። ይህ እፍረት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮኝ ነበር፤ በኋላ የመጣው ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

የጀመርኩት ዴን ሃግ ውስጥ በጽዳት ነው። የዚያ ቤት አለቃ ስሜን ለመያዝ እንኳ አልሞከረም፣ “ሚፍራው”፣ ማለት ወይዘሮ፣ እያለ ነበር የሚጠራኝ። እሱ የሚያውቀው ፍጥነት ብቻ ነው፤ አንዱ ደንበኛ ሲወጣ ሌላው ሳይገባ አልጋው መድረቅ አለበት። መስታወት የሚመስለው የአልጋው ንጣፍ ፕላስቲክ ነው፤ በተራ የመስኮት ማጽጃ ከነካሽው ጉም ይለብሳል፣ ከዚያ በኋላ መብራቱ እኩል አያወጣም። ይህንን ማንም አልነገረኝም፤ አንድ አልጋ ካበላሸሁ በኋላ ጩኸቱን ሰምቼ ነው የተማርኩት።

ሙያ ብዬ የምጠራውን ያወቅሁት ሮተርዳም ስዛወር ነው። እዚያ ቲነከ የምትባል ሴት ነበረች። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ የወደብ ሠራተኛ ልጅ፣ ለማንም ለስለስ ብላ የማትናገር። እኔን መጀመሪያ ያየችኝ ጊዜ “አንቺ መብራቱን የማትፈሪ ብቸኛ ሠራተኛዬ ነሽ፤ ፍሪው!” አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ቁም ነገሯን ነበር።

ቲነከ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ስሙን ከመጠየቋ በፊት “እስቲ ክንድህን” ትላለች። የጠረጴዛውን መብራት ስባ፣ ክንዱን ገልብጣ፣ ከውስጥ በኩል ክርኑ ሥር ያለውን ቆዳ ታያለች። ፊት ንፋስም ፀሐይም ያገኘዋል፣ ሰውም ይቀባዋል፤ የክንድ ውስጥ ግን የተወለደበት ቆዳ ነው ትል ነበር። ከዚያ መነጽሯን መፈለግ ትጀምራለች። መነጽሩ ሁልጊዜ አናቷ ላይ ነው። ስትፈልግ ታዲያ “የምትወስደው መድኃኒት አለ?” ብላ እንደ ዋዛ ጣል ታደርጋለች፤ ሰውየውም መነጽሯን በዓይኑ እየፈለገላት፣ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን የኪኒን ዓይነት ይነግራታል። ቆይቼ ስጠይቃት “ፊት ለፊት ዓይቼ ብጠይቀው ይዋሸኛል፤ ሰው ሲረዳሽ ግን አይዋሽም” አለችኝ።

አዲስ አምፖል የተቀየረ ቀን መጀመሪያ የምትተኛው ራሷ ናት። አዲስ አምፖል ከአሮጌው ይበረታልና ለአጭር ጊዜ ትሞክረውና፣ በማግሥቱ ሸሚዟን ገለብ አድርጋ ሆዷን እያሳየችን “ዛሬ ለሁሉም ቀንሱ” ትላለች። ደንበኛ አልጋው ውስጥ እያለ ደግሞ መሃል ላይ በሩን ቆርቆር አድርጋ “አለሽ?” ሳትል አታልፍም ነበር። አንቀላፍቶ የሚቀር ሰው ያስፈራት ነበር።

ስለ ነፃ ቅናሽ ደግሞ የራሷ ሕግ ነበራት። እዚህ አገር “ኣንቢዲንግ” የሚባል ነገር፣ ማለት ልዩ ቅናሽ፣ ሰውን ከሞቀ ቤቱ አውጥቶ በዝናብ ያስኬዳል። ቲነከም “የመጀመሪያው በነፃ” የሚል ወረቀት ታስበትናለች፤ ያለዚያ አዲስ ደንበኛ አይመጣም። ግን የነፃውን ደቂቃ ከሁሉም አሳንሳ ነው የምትሰጠው። “የከፈለ ሰው ይጠይቃል፣ ይነጫነጫል፣ ‘ቆዳዬ ስስ ነው’ ይላል። በነፃ የመጣ ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ ለእሱ አንቺ ጠይቂለት” ትለኝ ነበር። ቆዳው የማይሆን ሰው ሲመጣ ታዲያ አትመልሰውም፤ ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ የእጅ ቅባት አውጥታ “ለአንተ ኣንቢዲንጉ ይሄ ነው” ብላ ትሸኘዋለች። አንድም ቀን ተቆጥቶ የወጣ ሰው አላየሁም። “ለጤና ጥሩ ነው” የሚል ቃል ግን ከአፋችን እንዳይወጣ ከልክላን ነበር። ሐኪም አይደለንም፣ አለቀ።

ከሮተርዳም አምስተርዳም ኖርድ ሄድኩ፤ የቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኜ። ደመወዙም ሻል አለ። የዚያ ቤት ባለቤት ሮብ ከቲነከ ጋር በምንም አይመሳሰልም። ወጣት ነው፣ ስልኩ ከእጁ አይጠፋም፣ ከአፉ የሚወጣው “አዲስ ደንበኛ፣ አዲስ ደንበኛ” ብቻ ነው። የቆየው ደንበኛማ ለእሱ መጥቶ የሚሄድ ነው፣ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለእኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ “አንቺ ምን ትያለሽ?” ብሎ የጠየቀኝ አለቃ እሱ ነው። ይህ ልቤን ወሰደው፤ አልደብቅም።

እኔም አንድ ነገር አመጣሁ። የማስታወቂያ ወረቀት ሆላንዱ እጅ እንደገባ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። እኔ ወረቀቱ መሃል ላይ ተቀዶ ሁለት እንዲሆን አደረግሁ፦ ግማሹ ለራስሽ፣ ግማሹ ለምትወጂው ሰው፣ ለሁለታችሁም የመጀመሪያው ፀሐይ በነፃ። የራሱን ይጥላል፤ የሰው ድርሻ መጣል ግን ማንንም ይከብደዋል። አስተዳደጌ ነው ይህን ያስተማረኝ። ፀጉር ቤት፣ ጥፍር ቤት፣ የሙሽራ ልብስ መሸጫ አስቀመጥኩት፤ ዝናብ በጠና ሳምንት አስበተንኩት። በሩ ላይ ሰልፍ ሆነ። ሮብ በየቅርንጫፉ አባዛውና “የስንዱ ወረቀት” ተባለ። ስሜ ስንዱ ነው። በስሜ የተጠራ ነገር ሳይ ደስ አለኝ፤ ያን ደስታ አሁን ሳስታውሰው ፊቴን በነጠላ መሸፈን ያሰኘኛል።

አንድ ክረምት ገበያው ሞተ። ሮብ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠና “የአገርሽ ሰዎችስ?” አለኝ።

“ሮብ፣ ዓይን የለህም እንዴ? ምን ሊያደርግላቸው?”

“ቫይታሚን ዲ” አለ፤ ከስልኩ ላይ እያነበበ።

በዚህ አገር የእኛ ሴት ወደ ሃውስአርትስ፣ ማለት ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ፣ ምኔን አመመኝ ብላ ትሂድ፣ “ፀሐይ አንሶሻል፣ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ውሰጂ” ተብላ ትመለሳለች። ጠብታውን ማንም አያምነውም። አገር ቤት በሕፃንነቱ የጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ያደገ ማን አለ? የጎደለው ፀሐይ ከሆነ መድኃኒቱ ፀሐይ ነው፤ እንዲህ ነው የምናስበው። እኔም ይህንን ስለማውቅ፣ በማውቀው ነገድኩበት። ቢልመር ውስጥ የምንሰበሰብበት ትንሽ የጴንጤዎች ጉባኤ አለን። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲጠጣ ወረቀቴን አውጥቼ “እህቶች፣ ለአጥንት ነው፣ የመጀመሪያው በነፃ” አልኩ። ቲነከ ብትሰማ ምን እንደምትል ልቤ ያውቅ ነበር። ጠብታው እንደሚበቃቸውም አውቅ ነበር።

ቅዳሜ በቡድን መጡ። ሜትሮውን ወርደው፣ የኖርድን ጀልባ ተሻግረው። “ጀልባውም ነፃ፣ ፀሐዩም ነፃ!” እያሉ። ዳቦ ቋጥረው ነበር፣ ታማሚ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ። ከቤታቸው ቫዝሊን ተለቅልቀው መጥተው አልጋዬን ሁሉ አብለጨለጩት። አንዷ ክዳኑ ሲወርድባት መዝሙር ጀመረች፣ ከጎን ክፍል ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሆላንዳዊ “ሬዲዮ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅን። እነሱ አንድም ነገር አልሆኑም። ክንዳቸውን ግን የአንዳቸውንም አላየሁም። እህቶቼን “ክንድሽን ገልብጪ” ማለት እንዴት ይሆናል? ኮምፒዩተሩ ላይ የቆዳ ዓይነት በሚለው ቦታ “ጥቁር ቆዳ” ብዬ ሞላሁ፣ ሁሉም አለፈ።

እትዬ ዘውዴ ከእነሱ ጋር አልመጡም። የጉባኤያችን ታላቅ ሴት ናቸው፤ ስንጨነቅ እሳቸው ዘንድ ነው የምንሄደው፣ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩልናል ማለት ይቻል ነበር፣ ግን እሳቸው እጅ አይጭኑም። ቆመው ነው የሚጸልዩት። ክረምት ከበጋ ጓንት ያደርጋሉ፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ያስራሉ። “ብርድ አልችልም” ይላሉ። ሐምሌ በሙቀት ስንቀልጥም “ብርድ አልችልም” ይላሉ፤ እኛም “ውነትዎን ነው እትዬ” እንላለን። ሁላችንም እናውቅ ነበር ማለት ነው፣ ምን እንደምናውቅ ግን ማንም ተናግሮ አያውቅም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሊዲያ። እዚሁ ያደገች፣ ቢሮ የምትሠራ። ራይስዋይክ ከሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ልጅ ጋር ታጭታ ነበር። ደግ ልጅ ነው ይላሉ፣ ቤተሰቡ ግን የድሮ ሰዎች ናቸው፤ ልጃቸው ከማን ቤት እንደሚያገባ፣ በዘር ምን በሽታ እንዳለ የሚያጠያይቁ። ሠርጉ ተቃርቦ ነበር።

አንድ የሥራ ቀን፣ ገበያ በሌለበት ሰዓት፣ እትዬ ዘውዴ ብቻቸውን በሩን ገፋ አድርገው ቆሙ።

“ስንዱዬ፣ ሰው የለም?”

“የለም እትዬ፣ ይግቡ እንጂ። ብቻዎን ነው በጀልባ የመጡት?”

“እመቤት፣ ቅዳሜ የመጣችው፣ ግማሹን ወረቀት ሰጠችኝ።” ያቺን የእኔን የተቀደደች ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሐኪም ቤት ብርሃን ይረዳሻል ብለውኝ ነበር። ተራዬ የሚደርሰው ግን ከሠርጉ በኋላ ነው። ከራይስዋይክ ሰዎች ፊት በእናትነት የምቆመው እኔ ነኝ። አንዴ እንኳ ትንሽ ቢመልስልኝ ብዬ ነው።”

ምን ቢመልስልዎት? ብሎ መጠየቅ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ቲነከ ብትሆን መነጽሯን ፈልጋ ትጠይቅ ነበር። እኔ “እግዚአብሔር ያውቃል እትዬ” አልኩ።

የሚፈርሙበት ነገር ነበር፤ ለመፈረም የቀኝ ጓንታቸውን አወለቁ። አየሁ። ከጣቶቻቸው ጫፍ እስከ አንጓቸው ድረስ ነጭ ነው፣ ጠርዙ እንደ ካርታ የተቆራረጠ፣ ከዚያም ወደ እጅጌያቸው ውስጥ ይገባል። ለምጽ። ቀና ብዬ አንገታቸውን ባይ ኖሮ ከሻርፑ ሥርም ይታየኝ ነበር። አላየሁም። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩና የማያስፈልግ ቁልፍ መነካካት ጀመርኩ፤ ጓንታቸውን እስኪያጠልቁ ድረስ። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። ለምጽ ያለበትን ሰው ያየ እንዳላየ ይሆናል። አጥብቀን ነው የተማርነው፣ ስሙንም ደግ ስም ሰጥተነዋል፣ ይሉኝታ፣ አክብሮት።

ቀለም የሌለው ቆዳ መከላከያ የለውም፤ ቶሎ ከሚቃጠለው ቀይ ጠጉር ሆላንዳዊ ይብሳል። ሐኪም ቤት የሚሰጡት ብርሃን ሌላ ዓይነት ነው፣ በልክ፣ በሐኪም ዓይን ሥር። ይህንን አውቃለሁ፣ ሙያዬ ነው። እያወቅሁ የእትዬ ዘውዴን ፊት ዓይቼ “ጥቁር ቆዳ” ብዬ ሞላሁ፤ ለዚያ ቆዳ የሚሰጠውም ረጅሙ ደቂቃ ነው።

“ትንሽ ጨምሪልኝ፣ ልጄ” አሉኝ በሩ ላይ።

ጨመርኩላቸው። በመሃል በሩን ቆርቆር አላደረግሁም፤ እየጸለዩ እንደሆነ ስለሰማሁ መረበሽ አልፈለግሁም።

ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል። “ሞቀኝ! ከስንት ዘመኔ ሞቀኝ!” ብለው አገላብጠው ሳሙኝ፣ “በእጅሽ ሥራ ጌታ ይባርክሽ” ብለው መረቁኝ። እስከ ጀልባው ሸኘኋቸው። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ደስ ብሎኝ ነው፤ የዋልኩት ጽድቅ መስሎኝ።

በማግሥቱ ሊዲያ ደወለች። “ነይ” ብቻ ብላ ዘጋችው።

ቤታቸው ከእኔ ሩቅ አይደለም። ስገባ እትዬ ዘውዴ ሶፋው ላይ ተደግፈዋል። ሁለቱም እጆቻቸው በፋሻ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንገታቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። ነጩ ቆዳቸው ሁሉ ውኃ ቋጥሮ ነበር። እኔን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ።

“ምንም አይደል ስንዱዬ፣ አትደንግጪ። ትንሽ ጠብሶኝ ነው።”

አጠገባቸው ተንበርክኬ አለቀስኩ። “ይቅር ይበሉኝ እትዬ” አልኩ። እሳቸውም “ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ተነሺ” አሉ፤ ወዲያው፣ ሳልጨርስ። ያ ይቅርታ አላቀለለኝም። ቡና ደግሚ እንደሚባለው ለእንግዳ የሚሰጥ ዓይነት ነበር።

ሊዲያ ቆማ ነው የምታየኝ። “እዚያ ሥራ ቦታሽ የሆላንዶቹን ክንድ ታያለሽ፣ አይደል? ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ሁሉንም ትጠይቂያለሽ።”

“አዎ።”

“ማር ዋሮም? ግን ለምን? የእኔን እናት ለምን አልጠየቅሻትም?”

“ተይ ልጄ፣ ታላቅሽ ናት” አሉ እትዬ ዘውዴ።

“ታላቄ ስለሆነች ነው የምጠይቃት!”

“አክብሬያቸው ነው ሊዲያ” አልኩ። “ትልቅ ሰው እንዴት…”

“እጇን አይተሻል ወይስ አላየሽም?”

አላየሁም ማለት እችል ነበር። እትዬ ዘውዴ ያንን እንድል በዓይናቸው የሚለምኑኝ ይመስለኛል። ግን ልጅቷ ፊቴን እያየች ነበርና አፌ እሺ አላለኝም። “አይቻለሁ” አልኩ።

“እና ዝም አልሽ።”

“ዝም አልኩ።”

“ይሄ አክብሮት አይደለም። በእናቴ አፍረሽ ነው። እሷም ታፍራለች፣ ሁላችሁም ታፍራላችሁ፣ አሁን እያት!”

እትዬ ዘውዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ሁሉ ዓመት የደበቁትን እንዳየሁባቸው በዚያች ደቂቃ ማወቃቸው ከቃጠሎው በላይ ያመማቸው ይመስለኛል። ሊዲያ በሩን ከፍታ ያዘችልኝ። ወጣሁ።

ለሮብ ነገርኩት። ፊርማቸው መኖሩን አረጋግጦ ትንፋሹን መለሰና “አበባ ላኪላቸው፤ ከፈለጉም የነፃ ካርድ ጨምሪበት” አለኝ። በሕይወቴ አለቃ ላይ የጮኽኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረቀት ይዤ ሄጄ አላውቅም። የቅዳሜዎቹ ሴቶችም መምጣት አቆሙ፣ ምክንያቱን ሳይናገሩ። ጉባኤ ስገባ እንደ ወትሮው ቦታ ያሰፉልኛል፣ ሻይ ይቀዱልኛል። አንድ ሰው እንኳ ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ።

ለቲነከ ደወልኩ። ያኔ ጡረታ ወጥታ ሮተርዳም ነበረች። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ “ክንዷን አላየሽም ነበር?” አለች።

“እጃቸውን አይቼ ነበር።”

“ሳታዪ ቀርተሽ ቢሆን ስህተት እለው ነበር” አለችና፣ ሴትየዋ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀችኝ። እኔን አንዴም አይዞሽ አላለችኝም። ልክ ነበረች።

ሥራውን ለምን አልተውሽም ትሉኝ ይሆናል። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ሌላ የምችለው የለኝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ምክንያት ግን አይሆንም። ቆየሁ። ከዚያ ወዲያ የማንንም ክንድ ሳላይ አላሳለፍኩም፤ ሮብ “ደንበኛ ታባርሪያለሽ” እስኪለኝ ድረስ። ወረቀቴ ግን በስሜ መበተኑን ቀጠለ።

የእትዬ ዘውዴ ቁስል ዳነ። ሲድን ታዲያ ዙሪያው ያለው ጥቁር ቆዳ በመብራቱ የባሰ ጠቁሮ፣ ነጩ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ወጣ። አንገታቸው ላይ ያለው ከሩቅ የሚታይ ሆነ። ሊደብቁት የመጡትን እኔ በነፃ አድምቄ ላክሁላቸው። አዲሱ ቆዳ ጓንት እንዳይነካውም ሐኪሙ ከለከለ።

ወደ ሠርጉ የጠሩኝ ራሳቸው ናቸው። “ብትቀሪ ሰው ምን ይላል?” አሉኝ በስልክ። ራይስዋይክ፣ ትልቅ አዳራሽ። ከኩሽናው በር አጠገብ፣ ከማንም ዓይን ራቅ ያለ ጠረጴዛ መርጬ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘውዴ ከፊት ነበሩ፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ እጃቸውን ከውስጥ ደብቀው። ምሳ ሲቀርብ አልበሉም። እጅ ለሚዘረጋላቸው ሁሉ አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ በትከሻ ነበር ሰላም የሚሉት።

የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። ሙሽሮቹ መድረኩ ላይ ተንበረከኩ፤ የሙሽራው አባትና እናት ወጥተው እጃቸውን ጭነው መረቁ። መጋቢው ማይክሮፎኑን ይዞ “አሁን የሙሽሪት እናት ይውጡልን” አለ።

እትዬ ዘውዴ አልተነሡም። ሰው ሁሉ እየዞረ አያቸው። መጋቢው ደገመ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አጠገባቸው ላለችው እህታቸው “እግሬን አሞኛል፣ አንቺ ውጪልኝ” ሲሉ ሰማሁ፤ አዳራሹ ያን ያህል ጸጥ ብሎ ነበር። እህታቸው ልትነሣ ስትል ሊዲያ ከተንበረከከችበት ተነሣች። ያንን ሁሉ ቀሚስ በሁለት እጇ ሰብስባ ከመድረኩ ወረደች። ሙሽራውም ግራ ገብቶት ተከተላት። እናቷ እግር ሥር መጥታ ተንበረከከች፤ እሱም ከጎኗ።

“እማዬ፣ እዚሁ መርቂን” አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አልጎተተቻቸውም፣ ነጠላቸውን አልነካችም። አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። የሙሽራው እናት ከመድረኩ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ያያሉ።

ከዚያ ነጠላው ሲላወስ አየሁ፤ ነጭ ጣቶች ከውስጥ ብቅ ሲሉ።

አቀረቀርኩ። ሳስበው አይደለም፤ አንገቴ በራሱ ታጠፈ፣ ዓይኔ ሳህኔ ላይ ተተከለ። በጆሮዬ ብቻ ነው የሰማሁት፦ የእትዬ ዘውዴ ድምፅ መጀመሪያ እየተንቀጠቀጠ፣ በኋላ ጸንቶ፣ “ዘራችሁ ይባረክ” ሲል፤ የራይስዋይኩ አባት ከሁሉ ቀድመው “አሜን” ሲሉ፤ ከዚያም አዳራሹ በእልልታ ሲናወጥ። ሰው ሁሉ ቆሞ እነዚያን እጆች እያየ ነበር።

ቀና ስል እትዬ ዘውዴ፣ እጆቻቸው በልጆቻቸው ራስ ላይ እንዳሉ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እኔን እያዩኝ ነበር።